በቢስክሌት ወደ ውሃ ዳር ስለ መናፈስ

የባሕር ጠረፍ ያላቸው አገሮች ሰዎች በዕረፍት ቀን ከሚደሰቱባቸው ነገሮች አንዱ፤ ቤተ ሰባቸውን አስከትለው በቢስክሌት በባሕሩ ዳር እያዘገሙ መዋል ነው። ይህ እሽቅድምድም አይደለም። ጧት ቁርስ ከተበላ በኋላ ተነሥቶ፤ ደስ ባለ ስፍራ ሁሉ እየወረዱና አረፍ እያሉ ሄዶ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት መመለስ ነው። በሰሜን አውሮፓ ያሉ መንግሥታት ተስማምተው በሰሜን ባሕር ዙሪያ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የቢስክሌት መንገድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ከፍተዋል። በጃፓንም ደሴትን ከደሴት በድልድይ እያገናኘ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የሺማናሚ ጎዳና በ1999 ተከፍቶ ሕዝቡ ባሕሩን ቁልቁል እያየ በቢስክሌት ይሻገረዋል። ሐይቅም ቢሆን ከዚህ ክብር አልቀረም፤ ጀርመን ኦስትሪያና ስዊስ የሚካፈሉት የኮንስታንስ ሐይቅ 260 ኪሎ ሜትር በሚያህል የቢስክሌት መንገድ ዙሪያውን ተከቧል።

የውሃ ዳር ለዚህ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ውሃ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ስፍራ ስለሚይዝ ዳሩ በብዙው ደልዳላ ነው፤ ስለዚህ ሕፃኑም ሽማግሌውም ብዙ ሳይደክም ይሄዳል። አየሩም ነፋሻ ነው። መንገድም አይጠፋም፤ ሲሄዱ ውሃው በቀኝ ከነበረ ሲመለሱ በግራ ይሆናል፤ ይህን ያወቀ የስምንት ዓመት ልጅ ካርታ ሳይዝ ቤተ ሰቡን ሊመራ ይችላል።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ዳሩ ግን ያገራችን ሰው ታላቁን ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ ባሕር ብሎ ይጠራል፤ የጣና ባሕር ይላል፤ በዳሩም ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብሎ ሰይሟታል። እንግዲህ ስሟ ራሱ የባሕር ጠረፍ ማለት የሆነ ከተማ ካለችን፤ እርሷም ደግሞ በአገሪቱ ውስጥ ቢስክሌት እጅግ ከሚነዳባቸው ከተሞች አንዷ ከሆነች፤ የውሃ ዳር ሽርሽር ለእኛ የባዕድ ነገር አይደለም ማለት ነው። ወደ እርሷ ከመድረሳችን በፊት ግን ነገሩን መማር ከሚጀመርበት ስፍራ፤ ከልደታ እንነሣ።

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች የተሠራች፤ አብዛኛው ስፍራዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የማያንስ ከተማ ስለሆነች፤ መንገዷ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። ልደታ ግን ሜዳ ነበረ። ሜዳ በመሆኑም የአይሮፕላን ማረፊያ ተደረገ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ተነሥቶ ነው። ኋላ የጄት አይሮፕላን ረዥም ማኰብኰቢያ ስለሚሻ በ1950ዎቹ ዓመታት ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ በዚያ በኩል ያለው አካባቢ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አሮጌው ኤርፖርት ይባላል። ለአይሮፕላን የበጀ ሜዳ ለቢስክሌት ተማሪ ሳይበጅ አይቀርም። ዛሬ ስፍራው በፎቅ ቤቶች ተሞልቷል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር በልደታ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ይመላለሳል። ቢሆንም በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል በቀረው ባዶ ስፍራ፤ ከሰዓት በኋላ ሕፃናት በደቂቃ በሚከራይ ቢስክሌት ሲዞሩ ይታያሉ። አንዱ ይነዳል፤ ሦስቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አከራዩም ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አያነሣም።

ከቢስክሌት ቃላት ብዙዎቹ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጎማ፤ ካቴና፤ ከመነዳሪ፤ የተበሳ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታም ሁሉ የዚያ ቋንቋ ልጆች ናቸው። ቋንቋችን ግን እነዚህን ስሞች ፈጽሞ ስላለማመዳቸው፤ አሁን ከመነዳሪ የሚለውን ቃል የባዕድ ነው ቢሉት ጎሚስታው ራሱ ይስቃል።

ልጅን ለማስተማር ከኋላ ይዞ መሮጥ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አለ። መቀመጫውን የልጁ ሁለት እግሮች መሬት እስኪረግጡ ድረስ ዝቅ ማድረግ፤ ሁለቱንም ፔዳሎች መንቀል፤ ከዚያም ልጁ በእግሩ መሬቱን እየገፋ እንዲንሸራተት መተው ነው። ሚዛኑን ራሱ ካወቀ በኋላ ፔዳሉ ቢመለስለት በአንድ ቀን ይነዳል። ሴት ልጆችም ከወንድሞቻቸው ጋር እኩል ሊማሩ ይገባል። የቀሚስና የነጠላ ነገር ችግር የሚሆነው ካቴናው ገላጣ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ቢስክሌት ሲገዛ ካቴናው በቆርቆሮ የተሸፈነውን መምረጥ፤ ነጠላውንም በወገብ አጥብቆ ማሰር ይበቃል።

ከልጆቹ ይልቅ የሚያስቸግሩት አባቶች ናቸው። የሹመት ማዕርግ ያለው ሰው በቢስክሌት ላይ ቢታይ ክብሩ የሚቀንስ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2024 ዓ.ም. የኔዘርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩት በሹመታቸው ዘመን ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ሳይቀር በቢስክሌት ይሄዱ ነበር፤ ስለዚህም ማዕርጋቸው የተቀነሰባቸው መሆኑን አልሰማንም። በእኛም አገር ቢስክሌት የተናቀ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሄድ ከሯጮቿ ጋር የቢስክሌት ነጂዎች ልካለች፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ልጁ ሚዛኑን ካወቀ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ በከተማው ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ጎዳናዎች፤ ለምሳሌ ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው ላይ፤ ለቢስክሌት የተለየ መስመር ተበጅቷል፤ ይህም ከልደታ እጅግ ቅርብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መንገድ ለሰው የተባለው ልማድም አለ፤ በተመረጠ እሑድ አንዳንድ ጎዳና ለአውቶሞቢል ተዘግቶ ለእግረኛና ለቢስክሌት ይለቀቃል። በቢስክሌቱ መስመር ላይ አውቶሞቢል አቁሞ የሚሄድ ሰው ግን ገና አልጠፋም። ይህን የሚያደርገው ሰው አሥር ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከመስመሩ አስወጥቶ በከባድ መኪና ፊት የሚጥለው መሆኑን ቢያስብ ሌላ ማቆሚያ ይፈልግ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ውሃ ዳር መውጣት ይቻላል። ለአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ የውሃ ዳር ቢሾፍቱ ነው፤ ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በካርታ ሲታይ ከልደታ ተነሥቶ በቢስክሌት መድረስ የሚቻል ይመስላል፤ መንገዱም ከ400 ሜትር በላይ ስለሚያዘቀዝቅ ሲሄዱ ቀላል ነው። ነገር ግን በቃሊቲ በአቃቂና በዱከም በኩል የሚሄደው አሮጌው ጎዳና ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው፤ ፈጣኑ መንገድም ቢስክሌት አያስገባም። ሲመለሱ ደግሞ ያ ሁሉ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ልጆች ላሉት ቤተ ሰብ የሚሻለው ቢስክሌቶቹን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስሮ እስከ ቢሾፍቱ መጓዝና ከዚያ መንዳት መጀመር ነው። ገመዱን ከራስ ቤት ይዞ መሄድ ይገባል፤ ረዳቱ የሚያመጣው ገመድ አንዳንድ ጊዜ ከክር አይሻልም። ከመሪውና ከጎማው ሁለት ጊዜ አጥብቆ ካሠሩት በኋላ ማሠሪያውን በእጅ ነቅንቆ ማየት መልካም ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች በጥንት ዘመን ምድር በእሳተ ገሞራ ፈንድታ በተከፈተችባቸው ጕድጓዶች ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞባቸው የተፈጠሩ ናቸው። ከተማው መካከል ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በስተ ሰሜን በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ኢሬቻ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ አለ፤ ከእርሱ ትንሽ አለፍ ብሎ ባቦጋያ ይገኛል። በምዕራብ በኩል ያለው ጨለለቃ ጥልቀት የለውም፤ ክረምት ሞልቶ በበጋ የሚሸሽ ነው፤ ወፍ ማየት ለሚወድ ልጅ ግን ከሁሉም እርሱ ይበልጣል። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ ቤተ ሰብ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይቸኩል ሦስቱን አይቶ ምሳውንም በልቶ ይጨርሳል። የጕድጓዱ ጠርዝ ከፍ ያለ ስለሆነ መንገዱ በውሃው አጠገብ ሳይሆን በላይ በኩል ነው የሚሄደው፤ ውሃው ድንገት ከእግር በታች ብቅ ይላል።

አንድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከፍ ያለ ሥራ ያለው ወዳጄ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ወደዚያው የሄደበትን ቀን አጫውቶኛል። በወጣትነቱ ጐበዝ ነጂ ስለ ነበረ፤ እግሩ ፔዳሉን ሲያገኝ ዕድሜውን ረሳና ቀድሞ ባቦጋያ ደረሰ። ሐይቁን አየው፤ ተቀመጠ፤ ሰዓቱን ተመለከተ፤ ማንም አልመጣም። ለካ የዘጠኝ ዓመቱ ታናሽ ልጅ ካቴናው ወልቆበት ወይዘሮዋ በእጇ ስትመልሰው፤ ልጆቹም በዚያው ሆራ ላይ የሚዋኝ ወፍ ሲቈጥሩ ቈይተዋል። ኋላ ሲደርሱ ወይዘሮዋ ግራሶ የነካ እጇን እያሳየች፤ «ጌታዬ፤ ሐይቁን ለብቻዎ አይተው ከጨረሱ እኛ ደግሞ ለብቻችን እንየው፤ እርስዎ እዚህ ይጠብቁን» አለችው። ሲመለሱ ታናሹን ልጅ ከፊት አስቀደመና እርሱ ከሁሉ ኋላ ሆነ። ሕፃኑም የሚከተለው አባቱ መሆኑን ስላወቀ፤ ፊቱን ሳያዞር ስለ ትምህርት ቤቱ፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር ስለ መጣላቱ፤ ጨለማ ስለ መፍራቱም ሁሉ ይነግረው ጀመር። ወዳጄም፤ «በቤት ፊቴን እያየ ከማይነግረኝ ነገር ውስጥ ብዙውን ጀርባውን ሰጥቶኝ ነገረኝ» አለኝ።

ይህ ሥርዓት ለደኅንነትም የሚበጅ ነው። በሁሉም ፊት ታናሹ ይሂድ፤ ፍጥነቱንም እርሱ ይወስን። ከሁሉ ኋላ ታላቁ ሰው ይሁን፤ ከመኪናው በኩል ጥቂት ወጣ ብሎ ቢነዳ ሹፌሩ ከሩቅ ያየዋል። የአሥር ዓመት ልጅ በደልዳላ መንገድ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ሳይማረር ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚለው አባት ስለ ራሱ ነው የሚያስበው። ዳገት ካለ ጧት ጉልበት ሳለ ይውጡት፤ በቁልቁለቱም የኋላውን ፍሬን አስቀድመው ይያዙ እንጂ የፊተኛውን ብቻ ጨብጠው አይውረዱ። አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፤ መንፊያ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ውሃ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ደግሞ በቤት መቀመጥ።

አሁን ስሟን ወዳነሣናት ከተማ እንሂድ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደልዳላ ስፍራ የተቀመጠች፤ ጎዳናዋ ሰፊ፤ ግራና ቀኙም ዘንባባ የተተከለበት ነው። ተማሪው፤ ሠራተኛው፤ ገበያ የምትሄደው ሴት፤ ሽማግሌውም በቢስክሌት ይመላለሳሉ፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚፈራው የሰው ዓይን በዚያ የለም። የጣና ባሕር ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዳሩም እንደ ቢሾፍቱ ገደል ሳይሆን በቀስታ ወደ ውሃው የሚወርድ ስለሆነ ውሃውን ቁልቁል ሳይሆን አጠገቡ ሆነው ያዩታል።

ጧት በ1 ሰዓት የወጣ ሰው ውሃው እንደ ተነጠፈ ሸማ ጸጥ ብሎ ያገኘዋል። ዓሣ አጥማጁ ከደንገል በተሠራ ታንኳው ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል፤ በየዋርካው ላይ አዕዋፍ ይንጫጫሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ምድሩ ከውሃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋስ ከባሕሩ ወደ የብስ ይነሣል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው የሚርቀውን ጉዞ በጧት ያደርግና ከሰዓት በኋላውን ለከተማው ዳር ያቈየዋል። ከከተማው መካከል ወደ ምሥራቅ ሲነዱ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ዓባይ ከባሕሩ ከሚወጣበት ስፍራ ይደረሳል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ለቢስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መተላለፊያ ስላለው፤ በመካከሉ ቆሞ ታላቁ ወንዝ ጉዞውን ሲጀምር ማየት ይቻላል። ጉማሬም ብዙ ጊዜ በዚያ አካባቢ ይታያል፤ ከሩቅ ብቻ እንዲታይ ለልጆቹ መንገር ያስፈልጋል። ጉልበት ያለው ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ወደ ተሠራበት ቢወጣ፤ ወንዙንና ከተማውን በአንድ ጊዜ ቁልቁል ያያል። ሲመለሱ የጣና ቆሮሶ በዘይት ተጠብሶ በእንጀራ ሲቀርብ፤ የቀኑ ድካም በዚያው ይረሳል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለቤተ ሰብ ቢስክሌት አይመከርም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከከተማው ወጣ ከማለቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሰው ጠይቆ መረዳት ግድ ይሆንበታል።

በዚህ አጋጣሚ ከአንባቢዎቻችን መካከል የመሬት ውል የሚፈርሙና ፕላን የሚያጸድቁ ሹማምንት ስላሉ አንድ ነገር እናነሣለን። በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ ከዓመት ወደ ዓመት የመዝናኛ ሆቴልና የግል ቅጥር እየበዛ ስለ ሄደ፤ በቢስክሌት የመጣ ቤተ ሰብ ረዥሙን መንገድ የሚሄደው ግንብ እያየ ነው። ውሃው በግንቡ ማዶ ነው፤ ለማየትም የሆቴሉን ዋጋ መክፈል ያስፈልጋል። ሆቴል መሠራቱ ለአገር ገቢ ለወጣትም ሥራ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። በባሕር ዳርም በዳሩ ላይ የተሠሩ ሆቴሎች አሉ፤ ዳሩን ይዞ የሚሄደው የሕዝብ መንገድ ግን ገና ብዙው ክፍት ነው፤ በቅርብ ዓመታትም ለእግረኛና ለቢስክሌት እንዲሆን ተሻሽሏል። የተከፈተ ዳር መዝጋት የአንድ ሌሊት ሥራ ነው፤ የተዘጋውን ማስከፈት ግን የዘመን ክርክር ነው። በስዊድን አገር ከባሕርም ከሐይቅም ዳር እስከ 100 ሜትር ድረስ ቤት መሥራት በመሠረቱ በሕግ የተከለከለ ነው። ይህ ለእኛ ከባድ ቢመስል የፈረንሳዩ ይቀላል፤ በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፤ በባሕር ጠረፍ የግል ርስት ያለው ሰው ርስቱ እንደ ተጠበቀለት ሆኖ፤ ለእግረኛ መተላለፊያ በውሃው በኩል ሦስት ሜትር እንዲለቅ ተደርጓል። ሦስት ሜትር ማለት አባትና ልጅ ጎን ለጎን እየተጫወቱ በቢስክሌት የሚሄዱበት፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውንም ሰው ሳይወርዱ የሚያሳልፉበት ስፋት ነው።